ልክን ከቤት ይዞ መውጣት፦ ቦርዶን ለሚጎበኝ ክርስቲያን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጉዞና ስለ ወይን ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ለዕረፍት ከተማ ሊጎበኙ ሲነሡ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «የታወቁ የወይን ጠጅ መደብሮች ባሉበት ከተማ ስናልፍ ገብተን ብናይ፣ ብንቀምስ፣ ብንገዛ ኃጢአት ይሆንብናልን?» አንዳንዱ ሰው ጥያቄውን ገና ሳይሰማ «ክርስቲያን እዚያ ምን ይሠራል?» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሌላው ደግሞ «ጌታ በቃና ወይን ሰጥቶ የለምን?» ብሎ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሁለቱም ስለ ልክ አልጠየቁም። የክርስቲያን ኑሮ ግን የሚጠበቀው በልክ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ ይዘን እንማር። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ጋሮን የሚባለው ወንዝ እንደ ግማሽ ጨረቃ በሚታጠፍበት ዳርቻ የተቆረቆረችው ቦርዶ ለዚህ ትምህርት ትመቻለች። አስቀድመን ስለ ወይን የምናምነውን፣ ቀጥለን ስለ ዕቅድ፣ ከዚያም ስለ ከተማዋና ስለ መደብሩ እንናገራለን፤ በመጨረሻም ጥያቄዎችን እንመልሳለን።

አንደኛ፦ ስለ ወይን ምን እናምናለን?

ወይን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ፈጣሪውን ሲያመሰግን እህልን፣ ዘይትንና ወይንን አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል። ጌታችንም ራሱን በወይን ግንድ፣ እኛን በቅርንጫፍ መስሎ አስተምሯል (ዮሐ. 15)። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን የምታከብረው፣ በእመቤታችን ምልጃ ውኃው ወይን ጠጅ የሆነበትን የመጀመሪያ ተአምር እያሰበች ነው። ስለዚህ ወይንን በተፈጥሮው ርኩስ የሚል ሰው ከመጽሐፍ ጋር ይጣላል።

ይሁን እንጂ የወይን ታሪክ በቃና አልጀመረም። ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ ወይን ተከለ፤ ጠጣ፤ ሰከረ፤ በድንኳኑም ዕራቁቱን ሆነ (ዘፍ. 9)። የሰከረው ሰው በዘመኑ ሁሉ ጻድቅ የተባለው ኖኅ ነበር። አበው ሲተረጉሙ፣ ኖኅ የወይንን ኃይል አስቀድሞ ስላላወቀ ነው ይላሉ። አንድም፣ ጻድቅ ሰው እንኳ ልኩን ካላወቀ ሊወድቅ እንደሚችል ለእኛ ለማስተማር ተጻፈ። እኛ ከእርሱ ታሪክ ተምረናልና «አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት ለእኛ አይሆነንም።

ቅዱስ ጳውሎስም ሁለቱን ነገር አስተምሯል። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ወይን እንዲወስድ ሲመክረው መጠኑን ጥቂት ብሎ ወስኖ ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ የኤፌሶንን ምእመናን ደግሞ ከስካር እንዲርቁ አዟል (ኤፌ. 5፥18)። ሲራክ በምዕራፍ 31 ወይን በልኩ ለሚጠጣው ደስታ፣ ከልኩ ላለፈው ግን ጠብና ውድቀት እንደሆነ ያሳያል። እንግዲህ የከለከሉት ስካርን ነው፤ የፈቀዱትም በልክ ነው።

ልክ ሲባል ብዙዎቻችን የመጠጡን መጠን ብቻ እናስባለን። ልክ ግን ሦስት ነው። የመጀመሪያው የመጠጥ ልክ ነው፤ ሲጣስ ስካር ይሆናል። ሁለተኛው የገንዘብ ልክ ነው፤ ሲጣስ ብክነት ይሆናል። ሦስተኛው የክብር ልክ ነው፤ ሲጣስ ውዳሴ ከንቱ ይሆናል። በተራ መጠጥ ቤት ሰውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ውድ ወይን በሚሸጥበት መደብር ግን ሦስተኛው ይበረታል። በ300 ዩሮ ጠርሙስ የሚሰክር ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያ ጠርሙስ ስም የሚኩራራ ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ዕቅድ

ሐዋርያው ያዕቆብ፣ ወደ እገሌ ከተማ እንሄዳለን፣ ይህን ያህል ጊዜ እንቆያለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች ገሥጿል (ያዕ. 4፥13-15)። የገሠጻቸው ዕቅድ ስላወጡ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ረስተው ስላወጡ ነው። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ዕቅዳችንን በጸሎት እንጀምረዋለን፤ ከዚያም ወረቀትና እስክሪብቶ እንይዛለን።

መጀመሪያ የሚከፈተው የአጽዋማት መቁጠሪያ ነው። በቦርዶ ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ይህ ወራት ለእኛ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ረጅም የአዋጅ ጾም የለበትም፤ ዘመን መለወጫና መስቀልም የሚውሉት በዚሁ ጊዜ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን እንደ ወትሮው ይጾማሉ። በጸደይ መሄድ የሚሻለው ደግሞ በዓለ ሃምሳን ይምረጥ፤ በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና። የአውሮፕላኑን ቲኬት ርካሽነት ብቻ አይቶ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ወደ ወይን ከተማ የሚገባ ሰው ፈተናውን በገዛ ገንዘቡ ገዝቷል።

ቀጥሎ ቀናቱ ይደለደላሉ። ለምሳሌ ከፓሪስ ሐሙስ ጠዋት የሚነሣ ሰው በፈጣኑ ባቡር ከሞንፓርናስ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ቦርዶ ይደርሳል። የወይን መደብሮቹን ሐሙስ ከምሳ በኋላ ያድርጋቸው። ዓርብ ጾም ነውና ለሙዚየምና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሁን። ቅዳሜ ወደ ገጠሩ ይውጣ። እሑድ ቅዳሴ የሚገኝበትን ቦታ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ያጣራ። በእሑዱ ሥጋ ወደሙ ሊቀበል ያሰበ ሰው፣ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም አለና ቅምሻውን ከቅዳሜ ማውጣቱ ግድ ነው። በቆረበበት ቀንም ወደ ቅምሻ አይሄድም፤ የወይን ቀማሾች ልማድ እንደምናየው ቀምሶ መትፋት ነው፣ የቆረበ ሰው ግን ምራቁን እንኳ አይተፋም። ሩቅ መንገድም አይሄድም።

በመጨረሻ ገንዘቡ በሦስት ይከፈል፦ ለመንገድና ለማደሪያ፣ ለግዢ፣ ለምጽዋት። ለጠርሙስ የመደብነውን ያህል ለነዳያን ብንመድብ መልካም ነው። በመደብሩ ውስጥ «ይህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» ለሚለው ጥያቄ ከሻጩ ይልቅ ያ ምጽዋት በትክክል ይመልስልናል። የወጣውን ልክ ለአንድ የጉዞ ጓደኛ መንገርም ይጠቅማል፤ ብቻውን የወሰነ ሰው ብቻውን ያፈርሰዋልና።

ሦስተኛ፦ ከተማዋን ማየት

ቦርዶ ደርሶ ወደ መደብር የሚሮጥ ሰው ወይኑንም አይረዳውም፤ ወይኑ የከተማዋ ታሪክ ነውና። መሐል ከተማ ያለው የቅዱስ እንድርያስ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1096 ተባርኳል። በ1137 የአኪቴኗ ልዕልት ኤሌኖር በኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነውን ሰባተኛውን ሉዊን ያገባችው በዚህ ነው። ያ ጋብቻ ፈርሶ በ1152 ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በዚህ ምክንያት ቦርዶ እስከ 1453 ድረስ በእንግሊዝ ነገሥታት ሥር ቆየች፤ ወይኗም በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ መጉረፍ ጀመረ። ከካቴድራሉ አጠገብ ተነጥሎ የቆመው የፔ ቤርላን የደወል ግንብም የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚያ ወደ ወንዙ ውረዱ። ፕላስ ደ ላ ቡርስ የሚባለው አደባባይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ፊት ለፊቱ በ2006 የተሠራው «የውኃ መስታወት» ጥቁር ድንጋይ ላይ በስሱ በተንጣለለ ውኃ የሕንጻዎቹን መልክ ይመልሳል። ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሮጡበታል። ከተማዋ በ2007 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረችው ለዚህ ውበቷ ነው።

ውበቱን ስናደንቅ ግን ቀና ብለን ግድግዳዎቹን እንመልከት። በቦርዶ የድሮ ሕንጻዎች ላይ ከመስኮትና ከበር በላይ የሰው ፊት ተቀርጿል፤ ከእነርሱ መካከል የአፍሪካውያን ፊቶች አሉ። ከተማዋን ያበለጸጋት ወይን ብቻ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦርዶ በባሪያ ንግድና ባሮች በሚያለሙት የካሪቢያን ስኳርና ቡና ከከበሩት የፈረንሳይ ወደቦች አንዷ ነበረች። የአኪቴን ሙዚየም ከ2009 ጀምሮ ለዚህ ታሪክ ቋሚ ክፍሎችን መድቧል። የዓርቡን ጾም በዚያ ማሳለፍ ይገባል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 በዋንጫ ወይን እየጠጡ በዮሴፍ መከራ ግን ያላዘኑትን ወቅሷል። ዮሴፍ በወንድሞቹ እጅ የተሸጠ ባሪያ ነበር። ስለ ተሸጡት ሰዎች ሳያዝን የዚያችን ከተማ ወይን የሚያጣጥም መንገደኛ የነቢዩ ወቀሳ ይደርሰዋል።

ቅዳሜ ወደ ሴንት ኤሚልዮን ሂዱ። ከቦርዶ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወይን እርሻ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ባቡር ይወስዳል። ስሟን ያገኘችው በ8ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ በዋሻ ከኖረ ባሕታዊ ነው ይባላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ከላዩ 68 ሜትር የደወል ግንብ ቆሟል። ወደ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ላሊበላን የተሳለመ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲገባ የመሮ ምልክት ያለበትን ዓምድ አይቶ ባዕድነት አይሰማውም። ሥርዓቱ የእኛ ባይሆንም በአክብሮት ቆመን የድንጋዩን ጠራቢዎች ድካም እናስብ፤ ከደጁ ውጭ ያለውን የወይን ዘለላ የሚለቅሙትንም ሠራተኞች እንዲሁ።

አራተኛ፦ በመደብሩ ውስጥ

በቦርዶ መሐል፣ በ1780 ከተከፈተው ግራን ቴአትር ትይዩ አካባቢ፣ «ላንታንዳን» የሚባል የታወቀ የወይን መደብር አለ። ከበሩ ሲገቡ ጠባብ ይመስላል፤ ቀና ሲሉ ግን ክብ ደረጃ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ጠርሙሶቹ በክቡ ግድግዳ ዙሪያ ተጋድመዋል። የተጋደሙት ቡሹ ከወይኑ ጋር እየነካካ እንዲርስና እንዳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ አየር ይገባና ወይኑ ይበላሻል። ደረጃውን በወጣን ቁጥር ወይኑ ብርቅ፣ ዋጋውም ከባድ እየሆነ ይሄዳል።

ከላይ የተናገርነው ሦስተኛው ልክ የሚፈተነው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ እንበል። የቦርዶ ወይኖች ዝነኛ የክብር ደረጃ የወጣው በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ የወይን ደላሎቹ ደረጃውን ያወጡት እያንዳንዱ እርሻ በገበያ በሚያወጣው ዋጋ ነበር። ቀያዮቹን በአምስት ማዕረግ መደቧቸው። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ እምብዛም አልተነካም፤ ትልቁ ለውጥ በ1973 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማዕረግ መውጣቱ ነው። ገበያ ለጠርሙስ ማዕረግ መስጠቱ አያስደንቅም። ሰው ግን በያዘው ጠርሙስ ማዕረግ ራሱን ሲመዝን የተፈጠረበትን ክብር ይረሳል። ታች ካለው መደርደሪያ በ15 ዩሮ ገዝቶ መውጣት አያሳፍርም፤ ሻጩም አይንቅም።

ሻጩን እንዴት እንጠይቀው? ሦስት ነገር እንንገረው፦ ምን ያህል ገንዘብ እንደመደብን፣ ከምን ምግብ ጋር እንደምናቀርበው፣ መቼ እንደምንከፍተው። ገንዘቡን አስቀድሞ መናገር ሻጩ ከአቅማችን በላይ እንዳያወጣን ይረዳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ካለ ይነገረው፤ አፍን የሚይዝ ከባድ ቀይ ወይን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋልና ለስለስ ያለ ወይም ጣፈጥ ያለ ነጭ ወይን ይሻላል። ሁሉም ወይን በቆየ ቁጥር አይሻሻልም፤ ብዙው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ፍሬው የተለቀመበት ነው።

ቅምሻ ሲቀርብ ሥርዓቱን እንወቅ። በብርጭቆው ሥር ጥቂት ብቻ ይቀዳል። መልኩ ይታያል፤ ብርጭቆው ዞር ዞር ተደርጎ ይሸተታል፤ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ይዟዟራል፤ ከዚያም ለዚሁ በተቀመጠው ዕቃ ይተፋል። የሙያው ሰዎች በቀን ብዙ ዓይነት ስለሚቀምሱ ይህን ካላደረጉ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። እንጀራቸው ወይን የሆነ ሰዎች አእምሯቸውን ለመጠበቅ እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ አእምሯችንን ለጸሎት የምንፈልገው ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል? በባዶ ሆድ አይቀመስ። ከቀመሱ በኋላም መኪና አይነዳ፤ የከተማው ትራም ሁሉንም ያደርሳል።

ትራሙ ወደ ሲቴ ዱ ቫን ይወስዳል። በ2016 የተከፈተ፣ 55 ሜትር ከፍታ ያለው የወይን ባህል ማዕከል ነው። ወይን በጥንት ግብፅ፣ በግሪክ፣ በሃይማኖት ሥርዓቶች ውስጥ የነበረውን ቦታ ያሳያል። ከመግቢያው ቲኬት ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ይሰጣል፤ ለማይጠጣ የወይን ጭማቂ አለ።

ይህችን ከተማ ከአገራችን ጋር የሚያገናኛት ክርም አለ። በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ወይን ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ምርቶች ለገበያ አቅርቧል። ቦርዶ የሚያበቅለው ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞ በስምጥ ሸለቆአችንም ይበቅላል። ምድርን ሁሉ የሚያጠጣው አንድ አምላክ መሆኑን አስበን እናመስግን።

ጥያቄና መልስ

«በጾም ቀን መደብር ውስጥ ብንገኝስ?» ማየትና መግዛት ጾም አይሽርም፤ መቅመስ ግን ይቅር። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ባዘነ ጊዜ ከሥጋና ከወይን ተከልክሏል (ዳን. 10፥3)። ቢጋበዙም «ዛሬ ጾም ላይ ነኝ» ማለት ነውር የለበትም።

«አብሮን የሚጓዘው ወንድማችን ከመጠጥ ሱስ የወጣ ቢሆንስ?» የወይኑ መደብር ከዕቅዱ ይውጣ። ቅዱስ ጳውሎስ ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋንም ወይንንም መተው መልካም እንደሆነ አስተምሯል (ሮሜ 14፥21)። ለዚያ ወንድም «አንተ ውጭ ጠብቀን» ማለት ፍቅር አይደለም። ቦርዶ ያለ መደብሮቿም የሚታይ ብዙ አላት።

«ምርጡን ወይን ገዝተን ለቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ብንሰጥስ?» አሳቡ በጎ ነው፤ ሥርዓቱ ግን አይፈቅድም። በቤተ ክርስቲያናችን ለመሥዋዕት የሚቀርበው በቤተልሔም ዘቢብ በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነው። ከመደብር የመጣ ወይን ጠጅ ምንም ያህል ቢከብር ወደ መንበሩ አይቀርብም። መባዕ መስጠት የፈለገ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ ይዞ ይምጣ።

«ለዘመድ ስጦታ ብንወስድስ?» የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ ይታሰብ። ለሰካራም ጠርሙስ መስጠት ድንጋይ መስጠት ነው። የአገሩ ሕግም ይታይ፤ ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት አልኮል ማስገባት የተከለከለባቸው ናቸው። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ የጉምሩኩን ልክ ይጠይቅ፤ ጠርሙሱንም በልብስ ጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ያድርግ።

ማጠቃለያ

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 የወይን ቦታ የተከለውን ሰው ሲናገር አስቀድሞ እንዳጠረውና ግንብ እንደሠራለት ይገልጻል። አጥሩ የተሠራው ፍሬው ሳይደርስ ነው። የመጠጥ፣ የገንዘብና የክብር ልካችንም እንዲሁ ገና ቤታችን ሳለን፣ አእምሯችን ሳይነካ፣ ሻጭ ሳያባብለን ይወሰን። በብርጭቆ ፊት የሚወሰን ልክ ብርጭቆው በሞላ ቁጥር ይለጠጣል።

እንግዲህ ለጉዞ ያሰባችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። የጾሙን መቁጠሪያና የባቡሩን ሰዓት አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። የመደብሩን ገንዘብና የምጽዋቱን ገንዘብ በየፖስታው ለዩ፤ የምጽዋቱን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ስጡ። ከዚያ በኋላ በሰላም ሂዱ፤ አይታችሁ ተደሰቱ፤ የሰጣችሁን አመስግኑ።